ዓይናችሁን ፎቶ አስነሱ፤ ፎቶውንም አትጣሉት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ጊዜ ካላችሁ አሁን፣ ከሌላችሁ ማታ አረፍ ስትሉ አንብቡት። ስለ ዓይን ነው።

ጫንጮ ላይ ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በየዓመቱ የዓይንን ሥዕል በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እስል ነበር። ከፊት ኮርኒያ፣ ቀጥሎ ሌንስ፣ ከኋላ ሬቲና፣ ከዚያ እንደ ጭራ የሚወጣው የዓይን ነርቭ። «ዓይን እንደ ካሜራ ነው» እላችሁ ነበር። አንድ ዓመት ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ዓይን መበላሸቱን በምን እናውቃለን?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማየት ሲያቅትህ ነዋ!» አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መልሴ ስህተት ነበር። ስህተት መሆኑን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በታላቅ ወንድሜ ዓይን ነው።

ወንድሜ ሾፌር ነበር። ከደርባ ሲሚንቶ እየጫነ ዕድሜውን መንገድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። መንጃ ፈቃዱን ባሳደሰ ቁጥር ዓይኑን ይመረመራል፤ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ያነባል። «የኔ ዓይን የጭልፊት ነው» ይል ነበር። ቤት ውስጥ ግን የበር መቃን በትከሻው መምታት ጀመረ። ቡና ሲቀርብለት ከጎኑ ያለውን ስኒ በክርኑ ይገለብጣል። እኛም «አረጀህ እኮ!» እያልን እንስቅበታለን። አንድ ቀን ከግራ በኩል የመጣች ባጃጅ ጨርሶ አላያትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ ሰው የለም። እሱ ግን ያን ቀን ማታ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «አንድ ነገር ሆኛለሁ» አለኝ።

ይዤው አዲስ አበባ ሄድኩ። ግላኮማ ነው ተባልን። የግራ ዓይኑ ነርቭ አብዛኛው ሞቷል፣ የቀኙም ተጀምሯል። ወንድሜ አልተቀበለም። «ዶክተር፣ እኔ እኮ አያለሁ! ፊደሉን ሁሉ አነበብኩልሽ አይደል እንዴ?» አላት። ዶክተሯ በትዕግሥት አስረዳችን። ግድግዳ ላይ ያለው ሰሌዳ የሚለካው የዕይታን መሐል ብቻ ነው። ግላኮማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዳር ይጀምርና መሐሉን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። አንዱ ዓይን የጎደለውን ሌላው ይሸፍንለታል፤ አእምሮም ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። አያምም፣ አይቀላም፣ አያሳክክም። የሞተው ነርቭ ደግሞ በመድኃኒትም በቀዶ ሕክምናም አይመለስም። ሕክምናው የቀረውን ለማዳን ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «እርስዎስ? ወንድማቸው ነዎት አይደል?» አለችኝ።

ግላኮማ በዘር ይሄዳል። ወንድም ወይም እህት ያለበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ብዙ እጥፍ ነው። እዚያው አስቀመጡኝ። አገጬን መደገፊያው ላይ አድርጌ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ብርሃን እንዳይ ታዘዝኩ። መርፌ የለ፣ ንክኪ የለ፣ ጥቂት ሰከንድ ብቻ። መሣሪያው ኦ ሲ ቲ ይባላል። ውጤቱ ባለ ቀለም ወረቀት ላይ ታትሞ ወጣ።

አስተማሪ ነኝና እንዴት እንደሚሠራ ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። እርጉዝ ሴት ስትታይ አልትራሳውንድ ድምፅ ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን ይለካል አይደል? ኦ ሲ ቲ ደግሞ በድምፅ ፋንታ ብርሃን ይልካል። ብርሃኑ ከሬቲናው ንብርብሮች ላይ እየነጠረ ሲመለስ መሣሪያው የእያንዳንዱን ንብርብር ውፍረት ያሰላል። ሰሌዳ ላይ በአንድ የጠመኔ መስመር የምስላት ሬቲና ለካ እንደ እንጀራ የተደራረበች ናት! የነርቭ ክሮቹ ንብርብር ጤነኛ ሰው ላይ በአማካይ 100 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል፤ ይህም አንድ ሚሊሜትር ለአሥር ሲካፈል ማለት ነው። መሣሪያው ከዚያ ላይ ጥቂት ማይክሮን ብትቀንስ ይይዘዋል። ቴክኖሎጂው ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሐኪም የዓይንን ውስጥ ማየት የቻለበትን የመጀመሪያ መሣሪያ ሄልምሆልዝ የሚባለው ጀርመናዊ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1851 ነበር። ማየት ከተቻለ 140 ዓመት በኋላ ንብርብሩን መለካት ተቻለ ማለት ነው።

በአንድ ዓይን ነርቭ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ክሮች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው ሰውየው ራሱ የሚያውቀው። «ማየት ሲያቅትህ ነዋ» ያልኩት ለዚህ ነው የሚያሳፍረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የኔ ወረቀት ላይ አንድ ቦታ ቀይ ሆኖ ወጣ። ደነገጥኩ። ዶክተሯ ግን «ቀይ ስላዩ አይደንግጡ» አለችኝ። መሣሪያው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሚለው እኔን ቀድሞ ከተመዘገቡ ጤነኛ ሰዎች ጋር አወዳድሮ ነው። እነዚያ ሰዎች በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከእኛ አካባቢ አይደሉም። የአፍሪካ ዘር ያለን ሰዎች ደግሞ የነርቫችን መግቢያ በአማካይ ሰፋ ይላል። ስለዚህ ጤነኛውን ሰው «አሞሃል» ሊለው፣ የታመመውንም «ደህና ነህ» ሊለው ይችላል። «ለእርስዎ ትክክለኛው ማወዳደሪያ እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለችኝ። «ከስድስት ወር በኋላ ይምጡና ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን እናያለን።»

ይህን አባባል ደጋግማችሁ አስቡት። የመጀመሪያው ፎቶ ብቻውን ግማሽ ነገር ነው። ዓይንን የሚያድነው ሁለተኛው ነው፣ ሦስተኛው ነው።

ወንድሜ ላይ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ጠብታውን በሥርዓት እየጨመረ፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይሰማው፣ ሦስተኛው ፎቶ ከሁለተኛው ጋር ሲወዳደር የቀኝ ዓይኑ ንብርብር ቀንሶ ተገኘ። እሱ አልተሰማውም። እኔም አላየሁበትም። የዓይኑ ግፊት እንኳ ያን ቀን ሲለካ መጥፎ አልነበረም። ፎቶው ግን ነገረን። ሌላ ጠብታ ተጨመረለት፤ ከዚያ ወዲህ ባለበት ቆሟል። ዛሬ ወንድሜ መኪና አይነዳም፤ ግን ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይመለሳል፣ የልጅ ልጁን ፊት ያያል። ይህ የሆነው ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ነው።

የኔ ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። በስድስት ወሬ ሌላ የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም፣ መጥራትም አያስፈልግም። ፎቶ ተነሳሁ፣ ወረቀቱን «እዚሁ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል» ብለው አስቀሩት። በዓመቱ ስመለስ መሣሪያው ተቀይሯል፣ የድሮው ፎቶ የለም፣ ፋይሉም ሊገኝ አልቻለም። የመጀመሪያውን ወረቀት ደግሞ እኔው ራሴ ከመጽሐፍት መሐል የት እንዳደረስኩት አላውቅም። «ችግር የለም፣ እንደ አዲስ እንጀምራለን» አሉኝ። ችግርማ አለ! አንድ ዓመት ተኩል ጠፋ። እኔ ዕድለኛ ሆኜ ብዙም አልቀነሰብኝም ይሆናል፤ ግን ይህን የሚነግረኝ ማስረጃ የለኝም።

ስለዚህ አስተያየቴ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ሐሳብ ይወጣሉ። የዓይን ፎቶ ጥቅሙ በመደጋገሙና በመቀመጡ ከሆነ፣ አንደኛ ሰው ደጋግሞ ሊደርስበት የሚችል ቦታ መሆን አለበት፤ ሁለተኛ ፎቶው በታካሚው እጅ መቅረት አለበት።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ከጫንጮ አዲስ አበባ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቅርብ ነው ትሉ ይሆናል። እስቲ ሂዱና ሞክሩት! በጠዋት ሚኒባስ ይዛችሁ ሱሉልታን አልፋችሁ፣ እንጦጦን ወርዳችሁ አዲሱ ገበያ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ሌላ ታክሲ። ከዚያ ወረፋ። ከዚያ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግላችኋል፤ ለሰዓታት ማንበብ አትችሉም፣ ፀሐይዋ እንደ መርፌ ትወጋለች። ስለዚህ ደጋፊ ሰው ያስፈልጋል። የሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ የሁለት ሰው ምሳ፣ የሁለት ሰው ሥራ መፍታት። ሳር በሚታጨድበት ወቅት አንድን የሱሉልታ ገበሬ «ምንም ሳያምህ በዓመት ሁለቴ ይህን አድርግ» ብላችሁ ንገሩት። ከሙገር በኩል ለሚመጣው ደግሞ ጫንጮ መድረሱ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። ወንድሜ ሊከታተል የቻለው እኔ ጡረተኛ ስለሆንኩና ልጆቹ ስለሚያግዙት ነው። ሌላው ሰው አንዴ ይሄዳል፣ አይደግምም። አንዴ ብቻ መሄድ ደግሞ ምን ያህል እንደሚጠቅም ነግሬያችኋለሁ።

ለየከተማው ኦ ሲ ቲ ይገዛ እያልኩ አይደለም። ውድ ነው፣ የሚያነበውም ሰው ያስፈልገዋል። እኔ የምለው ቀለል ያለውን የዓይን ካሜራ ነው፤ ፈንደስ ካሜራ የሚሉትን። የሬቲናንና የነርቩን መግቢያ ባለ ቀለም ፎቶ ያነሳል። በእጅ የሚያዝ አለ፣ ስልክ ላይ የሚገጠምም አለ። ንብርብር አይለካም፤ ግን የተጠረጠረውን ከጤነኛው ይለያል። ያኔ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መሄድ ያለበት ሰው ብቻ ይሆናል።

ይህ ሕልም አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ ናኩሩ ውስጥ ፒክ የሚባለውን የስልክ መሣሪያ ይዘው ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፣ የሕክምና ትምህርት የሌለው ግን የሠለጠነ ሰው በስልክ ያነሳው የዓይን ነርቭ ፎቶ በሆስፒታል ካሜራ ከተነሳው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። እንግሊዝ አገር ደግሞ የስኳር ታማሚዎችን ዓይን በየጊዜው ፎቶ የሚያነሳ አገር አቀፍ ፕሮግራም አላቸው። ለሃምሳ ዓመት ያህል በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎችን በማየት ማጣት ቀዳሚው ምክንያት ከስኳር የሚመጣው የሬቲና በሽታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት ግን በእንግሊዝና በዌልስ ያ በሽታ ከአንደኛ ደረጃ መውረዱን አሳየ። አጥኚዎቹ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ የፎቶ ምርመራ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል።

እኛ ዘንድስ? ስኳር ያለባችሁ ወዳጆቼ፣ በየወሩ ጣታችሁን ተወግታችሁ ትለካላችሁ፤ ደም ግፊታችሁም ይለካል። ስንቶቻችሁ ናችሁ ዓይናችሁ ውስጥ በዚህ ዓመት የታየው? ኮመንት ላይ በሐቅ ጻፉልኝ። ካሜራው መቀመጥ ያለበት እዚያው ስኳር የሚለካበት ክፍል ነው። ሰውየው ለዓይኑ ብሎ ሌላ ቀጠሮ አይዝም፤ ለስኳሩ በመጣበት እግሩ ፎቶ ይነሳል።

አሁን የሚነሱትን ተቃውሞዎች ልጥቀስ፤ ከእናንተ አንዳንዶቹ የጤና ባለሙያዎች ናችሁና ቀድማችሁ አስባችኋቸዋል።

«በእኛ አገር ቅድሚያ የዓይን ሞራና ትራኮማ ነው።» ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ፣ 5.2 በመቶው በግላኮማ። ሞራ ለማየት ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ ለትራኮማም ባትሪና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል። የእነሱን በጀት ቀንሱ አላልኩም። ግን አንድ ልዩነት አለ። በሞራ የታወረ ሰው ብዙ ጊዜ በአጭር ቀዶ ሕክምና ያያል። በግላኮማ የታወረ ሰው ዓለም ላይ የትም ቢወስዱት አያይም። ዘግይቶ የሚታረመውን እያከምን፣ ዘግይቶ የማይታረመውን ቀድመን መያዝ እንችላለን።

«መሣሪያ ይገዛል፣ ከዚያ ተሸፍኖ ይቀመጣል።» ይህንንማ ማን ይክደዋል! መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ አንዲት መለዋወጫ ስትጠፋ መሣሪያው ዕቃ ቤት ይገባል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶውን ያንብብልን የሚሉም አሉ። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ውሳኔ የስኳርን የሬቲና በሽታ የሚለይ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈቅዷል። ግን ታይላንድ የሆነውን ስሙ። ጉግል የሠራውን ሥርዓት 11 ክሊኒኮች ውስጥ ሲያስገቡት፣ ከፎቶዎቹ ከአምስት አንዱ በላይ ጥራት የለውም ተብሎ በማሽኑ ተመለሰ። ክፍሉ በቂ ጨለማ አልነበረም፣ ኢንተርኔቱም ቀርፋፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው ይህን የጻፉት። ስለዚህ ካሜራ ሲገዛ አብሮ መገዛት ያለበት ነገር አለ፦ ወፍራም መጋረጃ፣ ባትሪ፣ ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ነርሶች (አንዷ ስትዛወር ሌላዋ እንድትቀር)፣ ፎቶውን ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ሐኪም። ሪባን መቁረጡ ቀላል ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው ጥያቄው።

«በሽታው ተገኝቶ መድኃኒት ከሌለስ?» ይህ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው። ያለ ሕክምና የሚደረግ ምርመራ ሰውን ማስጨነቅ ብቻ ነው። ግን ለግላኮማ የሚሰጠው ቲሞሎል የሚባለው ጠብታ የቆየ መድኃኒት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ከፋርማሲ ፋርማሲ የምንዞርለት መሆን የለበትም። ጠብታው ዕድሜ ልክ ስለሆነም የማኅበረሰብ ጤና መድኑ በሚከፍልበት ቦታ ሁሉ ሳይቋረጥ እንዲገኝ መጠየቅ አለብን። ካሜራው ሲመጣ ጠብታው አብሮ ይምጣ።

ሁለተኛው አስተያየቴ ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም። ፎቶው የታካሚው ነው። ማንም ክሊኒክ ሆነ ሆስፒታል፣ ሰውን ዓይኑን አንስቶ ባዶ እጁን አይሸኘው። ወረቀቱን ስጡት፤ ቀኑንና የመሣሪያውን ስም ጻፉበት። የአንድ ፋብሪካ መሣሪያ ቁጥር ከሌላው ጋር በቀጥታ ስለማይወዳደር ስሙ ያስፈልጋል። እናንተም ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለልጃችሁ በቴሌግራም ላኩ፤ ስልክ ቢጠፋ እዚያ ይገኛል። ዋናውን ደግሞ የቤት ካርታችሁን በምታስቀምጡበት ፌስታል ውስጥ አስቀምጡት። ካርታ ቢጠፋ ምትክ ይወጣል። የባለፈው ዓመት ዓይናችሁ ግን ተመልሶ ፎቶ አይነሳም።

እስከዚያው እናንተ ማድረግ የምትችሉትን ልንገራችሁ። ዕድሜያችሁ አርባን ካለፈ፣ ወይም ስኳር ካለባችሁ፣ ወይም ከቤተሰብ በግላኮማ የታወረ ሰው ካለ፣ ምንም ሳያማችሁ ሂዱ። «መነጽር ለክታችሁ ስጡኝ» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ «ነርቤን እዩልኝ» በሉ። ግፊት መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ግፊቱ ልክ ሆኖ ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ። «አያቴ በእርጅና ነው ዓይናቸው የጠፋው» የምትሉም ቆም ብላችሁ አስቡ። እርጅና ያልነው ነገር ስም ሊኖረው ይችላል፤ ስሙም ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል።

ከተማ አስተዳደርና ጤና ቢሮ ውስጥ የምትሠሩ ተማሪዎቼ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ይህን ስታነቡ «ቲቸር ደግሞ ጀመሩ» እንደምትሉም አውቃለሁ። እሺ፣ ጀመርኩ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲጻፍ አንድ መስመር ጨምሩበት፤ አንድ ካሜራ፣ ሁለት ነርስ፣ አንድ መጋረጃ። ጫንጮ ላይ ሞክሩት። ካልሠራ እኔው መጥቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ያን ጊዜ የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ፣ መልሴን አርሜዋለሁ። ዓይን መበላሸቱን ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አያውቅም። የሚያውቀው የዛሬውን ካምናው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ነው። ሙሉ ማርክ ያንተ ነው።

ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ይህን ሳነብለት «የባጃጇን ነገር ባትጽፈው ምን ነበረበት?» አለኝ። ጻፍኩት። የሌላ ሰው ባጃጅ ሰው ይዛ ልትሆን ትችል ነበር።

ሰላም ሁኑ።